ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ሽምብጥ ነው ቤታችን፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት፤
ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ፣ ሁለት ዓመት የኖርንበት።
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ… በጣቴ እየወረድኩ ቤቱ ጋ ስደርስ
አባቴ ግራ ዓይኑን ይከድናል። ከዚያ ወደ ጎን፦ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ…
እንደገና ክድን። አንድ ፊደል።
"ትራሱን አንሺው" እስኪል ድረስ
ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ደግሜ አሞቀዋለሁ፤ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

የዘጌን መስመር ሠላሳ ዓመት በጀልባ የነዳ ሰው፣
ማዕበሉን ገና ሳይነሳ በቀለሙ የሚለየው፣
አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የሞተሩን ገመድ እንደያዘ
ቃሉ ሁሉ ውስጡ ቀረ። ምላሱ ደነዘዘ።

ከዩኒቨርሲቲው መጣ ምንይችል፣ ኢንጂነሩ፣
ከራስ ቅሉ ሥር ምስር የምታህል ነገር ከቀበሩ
ከወር በኋላ።
"አባባ፣ ቃሉን ማሰብ ብቻ ነው" አለ፤ "ሌላው የማሽኑ ሥራ።"
ድምፁንም ሠርተውለታል፣ አንድ ተሳፋሪ በስልኩ ከቀረጸው፦
"ቀስ በሉ! እግር ወደ ውስጥ! እማማን ደግፏቸው!"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንግዳ እንደምትቀበል።
ማሽኑ ተንጫጫ፤ ዝም አለ። ከዚያ በአባቴ ድምፅ፦
"ይብራዬ።"

ምንይችል ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገ፤ "ስህተት ነው፣ ገና አልለመደም፤"
እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስህተት አልመሰላትም።
ልጅ ሳለች ወደቡ ላይ ቆሮሶ ስትበልት
ይብራዎች ዙሪያዋን ይቆሙ ነበር፣ አንጀቱን እስክትወረውርላቸው፣ ክብ ሠርተው እንደ ቀለበት።
አርባ ዓመት "አንቺ" እና "ስሚ" ብቻ ሲላት የኖረው ሰው
ለካ በሆዱ ሌላ ስም አለው።

ማሽኑን አልረግመውም።
ለደላላው ስልክ ደወለ፤ ተከራከረ፤ የሞተሩን ቀሪ ብር አስመለሰ።
ሬዲዮኑን ሰደበ። ጨው አነሰው አለ። በሳቅ አስለቀሰን።

በሁለተኛው ሳምንት ግን
አቶ ጋሻነህ ሊጠይቁት መጡ፣ ማንጎ በፌስታል አንጠልጥለው፤
ስለ እምቦጩ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ አወጉ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው።
"ይጫወቱ፣ ምን አስቸኮለዎት" እንላለን እኛ፣ ሰዓቱን እያየን።
ማሽኑ፦ "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?"

ማንም አልሳለም። ማንጎው ብቻ ተንከባለለ።
የአባቴ ዓይን ለመነኝ።

እኛ እኮ ተርበን "አይ፣ በልቻለሁ" የምንል ነን፣
"በሞቴ" እስኪሉን እጃችንን ሰብስበን።
ከሆድ እስከ አፍ ስንት ኬላ አለ፣ ስንት ቆመህ እለፍ፤
ይህ ዕቃ ግን አንዱንም አያውቅ፣ ሲያልፍ።

"በር እንሠራለታለን" አለ ምንይችል፣ አንገቱን ደፍቶ፤
"ሊናገር ያሰበውን፣ እንዲያው ካሰበው ለይቶ
የሚያወጣ። ሦስት ወር ስጡን።"
እናቴ ማንጎ እየላጠች፦
"እኔ ስድሳ ዘለቅሁ፤ የራሴን በር እንኳ ገና አልጨረስኩ።"

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ባትሪውም ደከመ።
ከማዶ የታንኳ መቅዘፊያ ይሰማል፤ ሐይቁ ጠቁሮ ጋደም አለ።
ገበታውን ከቁም ሣጥኑ ኋላ አወጣሁት፤
ምስማሩ ላይ ካሌንደር ሰቅለንበት ነበርና ጭኔ ላይ አስደገፍኩት።
በስልክ መብራት ወረድኩ። ጣቴ መንገዱን አልረሳም።

አ። ግዕዝ።
ለ። ግዕዝ።
ከዚያ ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ።

"ሲላላ ነው ሲጠብቅ?" አልኩት፤
"የሆነ ነገር አለ? ወይስ
የሆነ ነገር አለ?"

ማሽኑ ቢሆን በድምፁ ይለየው ነበር።
አባቴ በግራ ጉንጩ፣ በደህናው፣ ሳቅ አለ።
ጣቴ ፊደሉ ላይ ነው።
ይጠብቃል።